መንግስትና ሃይማኖት ይለያዩ ሲባል ምን ማለት ነው? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይሄ ነገር በተነሳ ቁጥር፣ ቡና ላይም ይሁን ታክሲ ውስጥ፣ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ አይነት ነው፣ መልሱም ብዙ ጊዜ ጩኸት ነው። የህግ ባለሙያ አይደለሁም፣ ግን እዚህ ርዕስ ላይ ብዙ ተከራክሬያለሁ፣ ተረትቼም አውቃለሁ፣ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ የሚመጡትን ጥያቄዎች አንድ ቦታ ላስቀምጣቸው ብዬ ነው። አመተ ምህረቱ በኛ አቆጣጠር ነው፣ የፈረንጁ ሲሆን እ.ኤ.አ. እላለሁ።

ህገ መንግስቱ በትክክል ምን ይላል?

አጭር ነው። አንቀጽ 11 ሶስት መስመር ነው፦ መንግስትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው፣ መንግስታዊ ሃይማኖት አይኖርም፣ መንግስት በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም ሃይማኖትም በመንግስት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም። አለቀ። ከ1987 ጀምሮ ያለ ነው። ከሱ ጋር አንቀጽ 27ን አብራችሁ አንብቡ፣ የማመን፣ የማምለክ፣ የማስተማር፣ ተቋም የማቋቋም መብት እዛ ነው ያለው። ሁለቱን ነጥሎ የሚያነብ ሰው ሁሌ አንዱን ጎን ይዞ ይሮጣል።

ይሄ ሴኩላሪዝም ምናምን የሚሉት የከሃዲዎች ሀሳብ አይደለም እንዴ?

አይደለም፣ እንደውም ታሪኩ ተቃራኒ ነው። አሜሪካኖች የሚጠቅሷት "የመለያ ግንብ" የምትባለው አባባል የመጣችው ቶማስ ጀፈርሰን እ.ኤ.አ. በ1802 ለኮነቲከት ባፕቲስቶች ከጻፈው ደብዳቤ ነው። ባፕቲስቶቹ እግዚአብሔርን የሚፈሩ፣ ጸሎተኛ ሰዎች ነበሩ፣ ችግራቸው ኮነቲከት ውስጥ መንግስት የሚደግፈው ሌላ ቤተክርስቲያን ስለነበረና እነሱ እንደ ሁለተኛ ዜጋ ስለሚታዩ ነው። የአሜሪካ ህገ መንግስት የመጀመሪያ ማሻሻያ እ.ኤ.አ. በ1791 ቢጸድቅም የሚያስረው የፌዴራሉን መንግስት ብቻ ነበር፣ ማሳቹሴትስ ለምሳሌ እስከ 1833 እ.ኤ.አ. ድረስ ቤተክርስቲያንን በግብር ትደግፍ ነበር። ስለዚህ "ለዩልን" ብለው የጮሁት አማኞች ናቸው።

እኛም ጋ እንደዛው ነው። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 አዲስ አበባ ላይ ሙስሊሞች ትልቅ ሰልፍ ወጡ፣ ክርስቲያኖችም አብረው ወጥተዋል፣ ከጥያቄዎቹ ውስጥ አንዱ መንግስትና ሃይማኖት ይለያዩ የሚል ነው። የወጡት ከመስጊድ ነው እንጂ ከማርክሲስት ጥናት ክበብ አይደለም።

ድሮ በጃንሆይ ጊዜ እንዴት ነበር? "ሃገር የጋራ ነው ሃይማኖት የግል ነው" ይሉ ነበር አይደል?

ይሉ ነበር ይባላል፣ ጥሩ አባባልም ነው። ግን በ1948ቱ ህገ መንግስት ላይ አንቀጽ 126ን ስታነቡት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተክርስቲያን የመንግስቱ ሃይማኖት እንደሆነች፣ መንግስት እንደሚደግፋት፣ ንጉሰ ነገስቱ ሁልጊዜ የዚሁ ሃይማኖት ተከታይ መሆን እንዳለበትና ስሙም በጸሎት ሁሉ እንደሚጠራ ይላል። ስለዚህ ሃይማኖት የግል ነው፣ ከንጉሱ በስተቀር ማለት ነው።

እዚህ ጋ ሰው የሚረሳው ነገር አለ። ድጋፉ በነጻ አልመጣም። ጳጳስ ሲመረጥ የንጉሱ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ የቤተክርስቲያኗ አስተዳደር በመንግስት ህግ ነው የሚመራው። እስከ 1951 የራሳችን ፓትርያርክ እንኳን አልነበረንም፣ ከግብጽ ነጻ ወጣን ብለን ሳንጨርስ ቤተመንግስቱ በር ላይ ቆምን። በሌላ በኩል ደግሞ በ1936 ሚሲዮኖችን የሚመለከት አዋጅ ወጥቶ ሃገሪቱ ለሁለት ተከፈለች፣ "ክፍት" የሚባለው ቦታ ሚሲዮኖች መስበክ ይችላሉ፣ ኦርቶዶክስ የሆነው ቦታ ግን ት/ቤትና ሆስፒታል ቢከፍቱም መስበክ አይችሉም። የዛሬው የፕሮቴስታንት ካርታ ደቡብና ምዕራብ ላይ ለምን እንደወፈረ የሚጠይቅ ሰው ከብዙ ምክንያት አንዱን እዚህ ያገኘዋል።

እናቴ ይሄን ስነግራት አትወደውም። "ያኔ ቢያንስ ታቦት ይከበር ነበር" ትላለች። ልክ ናት፣ ይከበር ነበር። ጎረቤታችን ሃጂ ግን ያንኑ ዘመን ሲያነሱ "እኛ ኢትዮጵያዊ ሙስሊም አንባልም ነበር፣ በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች ነበር የምንባለው" ነው የሚሉት። ሁለቱም አንድ ግቢ ውስጥ አንድ ጀበና ላይ ተቀምጠው ነው ይሄን የሚያወሩት።

ደርግ ለየው አይደል ታዲያ? ምን ተገኘ?

ደርግ ለየ የሚለው ግማሽ እውነት ነው። የሙስሊም በዓላትን ብሄራዊ በዓል አደረገ፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው አይካድም። በየካቲት 1967ቱ የመሬት አዋጅ የቤተክርስቲያን መሬትም ተወሰደ። ግን መለየት ማለት እጅን ማንሳት ከሆነ ደርግ እጁን አላነሳም፣ እንደውም አጠበቀ።

አቡነ ቴዎፍሎስን ተመልከቱ። ሁለተኛው ፓትርያርክ ናቸው። በ1968 ሶስት ጳጳሳትን ያለ መንግስት ፈቃድ ሾሙ ተብለው ከመንበራቸው ወርደው ታሰሩ፣ በ1971 ክረምት ላይ ተገደሉ። እግዚአብሔር የለም የሚል መንግስት ጳጳስ ሲሾም ለምን አላስፈቀዳችሁኝም ብሎ ፓትርያርክ አወረደ ማለት ነው፣ እስኪ ይሄን ሁለት ጊዜ አንብቡት። በዛው ክረምት የወንጌላዊት መካነ ኢየሱስ ቤተክርስቲያን ዋና ጸሃፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ተጠልፈው ተገደሉ። የሁለቱም አስከሬን የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው።

እኔ ሃሳቤን የቀየርኩት እዚህ ታሪክ ላይ ነው። ድሮ መለያየቱ መንግስትን ከቄስና ከሼህ ለመጠበቅ የተፈለሰፈ ነገር ይመስለኝ ነበር። የኛን ሃገር ታሪክ ስታዩት ግን ጥበቃው በጣም የሚያስፈልገው ለሌላኛው ወገን ነው። ቤተመንግስት ያቀፈውን ሃይማኖት ሁሉ ትንሽ ቆይቶ አንቆታል።

አንቀጽ 11 አለ ብለናል፣ ታዲያ ለምን የማይሰራ ይመስላል?

ሶስተኛው መስመር ስለሚጣስ ነዋ። ደግሞ የሚጣሰው ብዙ ጊዜ ከመንግስት ወደ ሃይማኖት ነው።

በ1984 ፓትርያርኩ አቡነ መርቆሬዎስ በህይወት እያሉ ሌላ ፓትርያርክ ተሾመ፣ እሳቸው ተሰደዱ፣ ሲኖዶሱ ለሁለት ተከፈለና ውጭ ያሉ አብያተ ክርስቲያናት ሶስት ሆኑ፦ የሃገር ቤቱ፣ የስደተኛው፣ "ገለልተኛ"። ዲሲ አካባቢ የኖረ ሰው ይሄን ያውቀዋል፣ አንድ ከተማ ውስጥ ያሉ ዘመዳሞች ለጥምቀት ሶስት ቦታ ይሄዱ ነበር። እርቁ የወረደው ከ26 አመት በኋላ ሃምሌ 2010 ዋሽንግተን ላይ ነው፣ ያስታረቀውም እንደገና መንግስት ነው፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ። አብዛኛው ሰው ደስ ብሎት አለቀሰ፣ እኔም ደስ ብሎኛል፣ ግን የሚያጣላውም የሚያስታርቀውም አንድ በር ከሆነ ነገ ቁልፉ ማን እጅ ነው ብሎ መጠየቅ አይከፋም።

የሙስሊሙን ደግሞ እንይ። ጥር 2004 ላይ አዲስ አበባ አወሊያ ት/ቤት የተጀመረው "ድምፃችን ይሰማ" ጥያቄው ሶስት አራት ነበር፣ ዋናው ግን መንግስት አህባሽ የሚባለውን አስተምህሮ በመጅሊስ (በእስልምና ጉዳዮች ምክር ቤት) በኩል አይጫንብን የሚልና የመጅሊስ አመራር በምርጫ ይሁን የሚል ነው። ምርጫው የት ይደረግ የሚለው ራሱ ትግል ነበር። ሰዉ መስጊድ ይሁን ሲል መስከረም 2005 ላይ ቀበሌ ተደረገ። ቀበሌ! ስኳርና ዘይት የሚከፋፈልበት፣ መታወቂያ የሚወጣበት ቦታ። የሃይማኖት መሪህን ለመምረጥ የቀበሌ ካድሬ ፊት ቆመህ ትመዘገባለህ። ሌላ ማስረጃ ሳያስፈልግ ይሄ ብቻ አንቀጽ 11 ምን ሲጣስ እንደሚመስል ያሳያል። የኮሚቴው አባላት በጸረ ሽብር ህግ ተከሰው ሃምሌ 2007 ላይ ከ7 እስከ 22 አመት ተፈረደባቸው፣ የኮሚቴው ጥያቄ ግን መንግስት ከሃይማኖታችን ይውጣ ነበር፣ ማለትም ህገ መንግስቱን ነው ቃል በቃል የጠየቁት።

የ2015ቱ የሲኖዶስ ጉዳይስ? መንግስት ገለልተኛ ነኝ ብሎ አልነበር?

ይሄ ብዙ ያጨቃጭቃል። ጥር 14 ቀን 2015 ወሊሶ አካባቢ ሶስት ሊቃነ ጳጳሳት ያለ ሲኖዶሱ እውቅና 26 ኤጲስ ቆጶሳት ሾሙ፣ በኦሮምኛ የማገልገል ጥያቄ አልተመለሰም የሚል ምክንያት ይዘው። ሲኖዶሱ አወገዘ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ወጥተው ሁለቱም ወገን እውነት አለው፣ ባለስልጣን እጁን እንዳያስገባ አሉ። ሲኖዶሱ ደግሞ ይሄ ራሱ ጣልቃ ገብነት ነው አለ። ጾመ ነነዌ ላይ ሰዉ ጥቁር ለበሰ፣ ሻሸመኔ ሰው ሞተ፣ ሶሻል ሚዲያ ተዘጋ፣ በመጨረሻ የካቲት ላይ ስምምነት ተደረሰ።

እና መሃል ላይ መቆም ገለልተኝነት ነው ወይ? ሁልጊዜ አይደለም። ቋንቋው ላይ፣ ማን ይሾም የሚለው ላይ መንግስት አስተያየት የለኝም ማለት አለበት፣ ትክክል። ግን የቤተክርስቲያን ግቢ በር ተሰብሮ ሲገባና የጸጥታ ሃይል ቆሞ ሲያይ ወይም አስገቢ ሲሆን ይሄ የቀኖና ጥያቄ አይደለም፣ የንብረትና የህይወት ጥያቄ ነው፣ መንግስት እዚህ ጋ "አያገባኝም" ማለት አይችልም። ስራው ነዋ። የቋንቋው ጥያቄም በበኩሉ የፈጠራ አልነበረም፣ በሚገባው ቋንቋ ቅዳሴ የሚፈልግ ምዕመን አለ፣ ግን መልሱን የምትሰጠው ቤተክርስቲያኗ ራሷ ናት።

በዛው አመት ግንቦት ላይ ሸገር ከተማ መስጊዶች ሲፈርሱ አንዋር መስጊድ አካባቢ በአርብ ተቃውሞ ሰዎች ተገደሉ። ጥር ላይ ጥቁር የለበሰው ሰው ግንቦት ላይ ምን አለ? ግንቦት ላይ የተቆጣውስ ጥር ላይ የት ነበር? የተወሰነው ለሁለቱም ጮኋል፣ አብዛኛው ግን ለራሱ ብቻ ነው። እኔም ራሴን ነጻ አላወጣም።

ፍርድ ቤት የሃይማኖት ጸብ ማየት ይችላል እንዴ?

ንብረቱን አዎ፣ ትምህርተ ሃይማኖቱን አይ። አሜሪካ ያሉ የሃበሻ አብያተ ክርስቲያናት ሲጣሉ ይሄን በደንብ ተምረውታል። ቦርዱ አንድ ወገን፣ አስተዳዳሪው ሌላ ወገን ሆኖ ህንጻው የማን ነው ተብሎ ክስ ሲመጣ ዳኛው የትኛው ሲኖዶስ እውነተኛ ነው ብሎ አይገባበትም፣ የመሬቱ ሰነድ በማን ስም ነው፣ መተዳደሪያ ደንቡ ስለ ድምጽ አሰጣጥ ምን ይላል፣ ስብሰባው በደንቡ መሰረት ተጠርቷል ወይ የሚለውን ነው የሚያየው። ስለዚህ ምክር ከፈለጋችሁ፦ ቤተክርስቲያን ስትመሰርቱ ደንቡን ከድረ ገጽ ገልብጣችሁ አትፈርሙ፣ ከ15 አመት በኋላ ሁሉም ሰው ያንን ወረቀት ነው የሚፈልገው።

ባለስልጣን ቤተክርስቲያን ቢሄድ፣ መስጊድ ቢሄድ፣ ንግግሩን "እግዚአብሔር ኢትዮጵያን ይባርክ" ብሎ ቢጨርስ ችግር አለው?

መሄዱ ችግር የለውም፣ እሱም ሰው ነው። ንግግሩ ላይ ሰው ይለያያል፣ እኔን ብዙም አያስጨንቀኝም። በጀት፣ መሬትና ሹመት ላይ ስንደርስ ግን ያስጨንቀኛል። አንዱ ቤተ እምነት የአምልኮ ቦታ በሁለት ወር አግኝቶ ሌላው አስር አመት ከተመላለሰ ያን ጊዜ ስለ ባራኪው ሳይሆን ስለ ካርታው እንነጋገራለን።

ካርታ ካነሳን ህጋዊ ሰውነትንም እናንሳው። በ1952ቱ የፍትሃ ብሄር ህግ ኦርቶዶክስ ቤተክርስቲያን በህግ ሰውነት የተሰጣት ናት፣ ሌሎቹ ግን ለረጅም ዘመን እንደ ማህበር ተመዝግበው ፈቃድ እያሳደሱ ነው የኖሩት። መጅሊሱና የወንጌል አማኞች ካውንስል በፓርላማ አዋጅ ህጋዊ ሰውነት ያገኙት በ2012 ነው። እኩል ናቸው ከተባለ ከ25 አመት በኋላ።

ቢሮ ውስጥ መዝሙር መክፈት፣ ስዕል መለጠፍስ? ይሄ እንኳን ቀላል ነገር አይደል?

ቀላል ይመስላል። አንዴ አንድ የመንግስት መስሪያ ቤት ለጉዳይ ሄጄ ተራ እየጠበቅኩ ነው፣ መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ኮምፒውተሯ ጎን ስዕል ለጥፋለች፣ ስፒከሩ ላይ መዝሙር ከፍታለች፣ ጥሩ ልጅ ናት፣ ፈጣን ናት፣ ሰው አትቆጣም። ከኔ ፊት ሂጃብ ያደረጉ አንድ እናት ነበሩ። ልጅቷ ቀና ብላ አየቻቸውና ትንሽ ደንገጥ ብላ "ማዘር ልቀንሰው?" አለቻቸው። እናትየዋ ፋይላቸውን በሁለት እጃቸው እንደያዙ "ኧረ ይሁን የኔ ልጅ፣ ምን ችግር አለው" አሉ።

ቆንጆ ነገር ነው አይደል? እኔም ቆንጆ ነበር ያልኩት። ቤት ስደርስ ነው የገባኝ፣ ሌላ ምን ሊሉ ይችሉ ነበር? ፋይላቸው እሷ እጅ ሊገባ ነው። ቀንሺው ቢሉ ፊርማው ነገ ተመለሱ ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል፣ ግን ያንን ማስላት ያለባቸው እሳቸው ናቸው እንጂ እሷ አይደለችም። ቢሮው ሌላ ክልል ሆኖ ስፒከሩ ላይ መንዙማ ቢሆን፣ ወይም ስብሰባ ከመጀመሩ በፊት "ሁላችንም ቆመን እንጸልይ" ቢባል ያው ነው። መንግስት ሳንቲም አላወጣበትም፣ ህግ አልወጣም፣ ግን መስኮቱ ሃይማኖት አለው። ጆሮ ማዳመጫ እኮ ርካሽ ነው።

ሸሪዓ ፍርድ ቤት በመንግስት በጀት ይሰራል፣ ይሄ እንዴት ከአንቀጽ 11 ጋር ይሄዳል?

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ዝም ብሎ የጥላቻ ጥያቄ አድርጎ ማለፍ አይገባም። አንቀጽ 34 ላይ በግልና በቤተሰብ ጉዳይ ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ በሃይማኖት ወይም በባህል ህግ መዳኘት አይከለከልም ይላል። ስለዚህ ጋብቻ፣ ፍቺ፣ ውርስ ላይ ሁለቱም ከተስማሙ ቃዲ ጋ ይሄዳሉ፣ ካልተስማሙ መደበኛ ፍርድ ቤት። ወንጀል አያይም። ነገሩ በኢህአዴግ የተጀመረም አይደለም፣ በጃንሆይ ጊዜም የቃዲዎች ፍርድ ቤት በህግ ነበር።

የምር ችግር ያለው "ፈቃድ" የምትለዋ ቃል ላይ ነው። ባሏ፣ ወንድሟ፣ ሰፈሩ ሁሉ እዛ ሂጂ ሲላት "እሺ" ያለች ሴት ፈቅዳ ነው? በ1990ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት ሴት በውርስ ጉዳይ አልፈቀድኩም ብላ እየተቃወመች ሸሪዓ ፍርድ ቤት አይቶባት ነገሩ እስከ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ሄዶ ለሷ ተወስኗል፣ ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ያለው ጥበቃ ይሰራል። ግን እስከ ፌዴሬሽን ምክር ቤት የሚሄድ ጉልበት ስንት ሰው አለው? የኔ አቋም ፍርድ ቤቱ ይኑር፣ ፈቃዷ ግን ሌላ ሰው በሌለበት ለብቻዋ ትጠየቅ ነው።

ት/ቤት ውስጥ ሂጃብ፣ ነጠላ፣ ማተብ፣ መስገድ?

አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽእኖ ነጻ ይሁን ይላል። ሰው ይሄን ሲያነብ "እንግዲህ ተማሪዋም ሂጃቧን ታውልቅ" ይላል። እኔ እንደዛ አላነበውም። ነጻ መሆን ያለበት ትምህርቱ ነው፣ ካሪኩለሙ፣ አስተማሪው ጠመኔ ይዞ ሲቆም። ተማሪዋ መንግስት አይደለችም። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2004 ተማሪው ላይም ከልክላለች፣ አሜሪካ ግን ተማሪው የፈለገውን ያድርግ፣ ት/ቤቱ ግን አያጸልይ ነው የምትለው፣ እ.ኤ.አ. በ1962 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ኒውዮርክ ላይ መንግስት ያዘጋጃትን አጭር ጸሎት ያገደው ጸሎቷ መጥፎ ስለሆነች ሳይሆን ደራሲዋ መንግስት ስለሆነ ነው። ሁለቱም "ለይተናል" ይላሉ። እኔ ለኛ ሁለተኛው ይሻላል ባይ ነኝ።

በ2017 አክሱም ላይ ሂጃብ አውልቁ ተብለው ከት/ቤት የቀሩት ልጆች የ12ኛ ክፍል ፈተና ምዝገባ ነው ያለፋቸው። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሄዶ እገዳ ወጥቷል፣ መቀሌ ላይ ሰልፍ ተወጥቷል። የከተማው ቅድስና ሌላ ውይይት ነው፣ የመንግስት ት/ቤት ግን የከተማው ታቦት ማደሪያ አይደለም፣ በግብር የሚተዳደር ክፍልና ዴስክ ነው።

ዲሞክራሲ የብዙሃን አይደለም እንዴ? ብዙሃኑ ከፈለገስ?

የትኛው ብዙሃን? በ1999ኙ ቆጠራ ኦርቶዶክስ 43.5 ከመቶ፣ ሙስሊም 33.9፣ ፕሮቴስታንት ከ18 በላይ ነው። ግማሽ የሞላ የለም። ሃገር ላይ ሁሉም አናሳ ነው፣ ከተማ ከተማ ስትገባ ግን ሁሉም የሆነ ቦታ ላይ ብዙሃን ነው፣ ጣጣው እዛ ላይ ነው። በ2010 ጅጅጋ ላይ ቤተክርስቲያን ሲቃጠል፣ በ2012 ሞጣ ላይ መስጊድ ሲቃጠል ያቃጠለው በየቦታው "እዚህ ብዙ ነን" ያለ ነው።

እንግሊዝ እኮ መንግስታዊ ሃይማኖት አላት፣ ዲሞክራሲም ናት

ናት። ንጉሱ የቤተክርስቲያኑ የበላይ ገዢ ነው፣ 26 ጳጳሳት የላይኛው ምክር ቤት ውስጥ ይቀመጣሉ (የወሊሶውም 26 ነበር፣ እንዲሁ መገጣጠም ነው)። ስለዚህ መለያየት የሌለበት ዲሞክራሲ የለም የሚል ሰው ተሳስቷል። ግን እንግሊዝ እዚህ የደረሰችው በሃይማኖት ስትተራረድ ከርማ፣ ካቶሊክ ፓርላማ እንዳይገባ ለዘመናት ከልክላ፣ ቆይቶ ህጉን አንድ በአንድ አንስታ ነው። የደረሱበትን አይቶ የሄዱበትን መንገድ መዝለል አይሆንም።

መንግስትና ሃይማኖት ሲለያዩ ለኛ ለውጭ ሃበሾች ምን ለውጥ አለው?

እስራኤል ያሉትን ጠይቋቸው። እዛ ሲቪል ጋብቻ የለም፣ አይሁዳዊ ከሆንክ የሚያጋባህ ራቢኔቱ (የአይሁድ ሃይማኖት መሪዎች መስሪያ ቤት) ነው። ቤተ እስራኤሎች በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ሲገቡ ራቢኔቱ አይሁድነታችሁ ያጠራጥራል፣ ለማግባት መጀመሪያ ውሃ ውስጥ ትጠመቃላችሁ አላቸው። ስንት መቶ አመት ሰንበት ጠብቀው፣ በሱዳን በረሃ ልጅ ቀብረው የመጡ ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1985 ኢየሩሳሌም ራቢኔቱ ፊት ለፊት ለሳምንታት ተቀምጠው ተቃወሙ። ቄሶቻቸው ሃገር ቤት ሲያጋቡ የኖሩ፣ እዛ ግን የማጋባት ስልጣን የላቸውም። እስከ ዛሬ ራቢኔቱን የማይፈልግ ወይም ራቢኔቱ የማይፈልገው ጥንድ ቆጵሮስ ሄዶ ተጋብቶ ይመለሳል፣ የውጭውን ጋብቻ ሃገሩ ይመዘግበዋል።

አሜሪካ ደግሞ ሌላ ነው፣ ከግብር ነጻ የሆነ ቤተክርስቲያን እጩ እንዳይደግፍ እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ ህግ አለ፣ አተገባበሩ ላላ ያለ ቢሆንም። አባታችን አውደ ምህረት ላይ ቆመው ለእገሌ ምረጡ ቢሉ ነገሩ ወደ ግብር መስሪያ ቤት ሊሄድ ይችል ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2025 ግን መስሪያ ቤቱ ራሱ በአምልኮ ላይ ለምዕመን የሚነገረውን ህጉ አይከለክልም የሚል አቋም ለፍርድ ቤት አቅርቧል።

ስለዚህ የሃይማኖት አባት ስለ ፖለቲካ ዝም ይበል?

አይበል! ይሄ ትልቁ ማጭበርበሪያ ነው። "ሃይማኖት በመንግስት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም" የምትለዋ ሃረግ ብዙ ጊዜ የምትመዘዘው አንድ ጳጳስ ወይም ሼህ ስለ እስር ወይም ስለ ግድያ ሲናገር ነው፣ ምርጫ ሲደርስና ስብሰባ ላይ ድጋፍ ሲፈለግ ግን ያው ሰው ፊት ወንበር ይሰጠዋል። ጣልቃ መግባት ማለት የመንግስትን ስልጣን መያዝ፣ በሃይማኖት ህግ ግዛ ማለት ነው። "ሰው አትግደሉ" ማለት ስራው ነው።

በዓላት ግን ለምን ብሄራዊ በዓል ይሆናሉ? ይሄስ መንግስታዊ ሃይማኖት አይሆንም?

ጥብቅ ሰው ይሆናል ይላል፣ እኔ ግን ሰው የማይመጣበት ቀን ላይ ቢሮ መክፈት ምን ይሰራል ባይ ነኝ። ገና፣ ጥምቀት፣ ስቅለት፣ ፋሲካ፣ መስቀል፣ መውሊድ፣ ኢድ አልፈጥር፣ አረፋ አለን። የሚያስቀኝ ግን የኢዱ ነው፣ ጨረቃ ካልታየች በዓሉ ስለማይታወቅ ያን ሁሉ ማህተምና ፕሮቶኮል ያለው መንግስት ረመዳን 29 ማታ ላይ ነገ ስራ ይኑር አይኑር አያውቅም፣ ሚኒስትሩም ዘበኛውም ቴሌቪዥን ከፍተው ቁጭ ብለው ከሳውዲ የሚመጣ ወሬ ይጠብቃሉ።